አብሮ አደጎች ስለ ምን ይጣላሉ?

ሁለት ቡችሎችን በአንድ ግቢ ስለ ማሳደግ በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




በዚህ መድረክ ላይ ስለ ትልልቅ ነገር መናገር የተለመደ ነው። ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ እርሻ መሻሻል፣ ስለ ትምህርት መስፋፋት ብዙ ተብሏል፤ ወደ ፊትም ይባላል። እኛ ግን ዛሬ የተነሣነው ስለ ውሻ ለመናገር ነው፤ ይልቁንም አንድ ቤት ሁለት ቡችላ አንሥቶ አብሮ ሲያሳድግ በመካከላቸው ስለሚነሣው ጠብ ነው። አርእስቱን ሰምቶ የሣቀ ሰው ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል ከጎጃም ደጋ የመጣን፣ ከስናንም ይሁን ከማቻከል፣ ከጎዛምንም ይሁን ከደጀን፣ ውሻ ባልነበረበት ግቢ ያደግን ጥቂቶች ነን። ውሾች ሲናከሱ ለመገላገል ገብቶ እጁን የተነከሰ ልጅ ያላየም ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ የቤታችን ነገር ነው።

በመጀመሪያ፣ ሰው ስለ ምን ሁለት ውሻ ያሳድጋል ያልን እንደ ሆነ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው፣ ከፍታው ከ4,000 ሜትር ወደሚያልፈው ተራራ በቀረበ ቍጥር የሚያየው ገብስና ድንች፣ የበግ መንጋ፣ አንዱ ከሌላው የተራራቀ ጎጆ ነው። ሲመሽ ጅብ ወደ በረቱ ይቀርባል፤ ጃርት ድንቹን ይቆፍራል። ወደ ቆላው ጠርዝ ወረድ ሲባል ደግሞ ዝንጀሮው አለ። አንድ ውሻ ብቻውን ጅብን ሊጮኽበት ይችላል እንጂ ሊቋቋመው አይችልም። ሁለት ሲሆኑ ግን አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይደርስለታል፤ ባለቤቱም እስኪነቃ ጊዜ ያገኛል። ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው የአባቶች ምክር በውሻም ላይ ይሠራል።

ቡችላ ደግሞ በገጠራችን ገንዘብ ወጥቶበት የሚመጣ አይደለም። የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ሄዶ ማንሣት ነው። ሴቲቱ እየወለደች ታስቸግራለች እየተባለ ብዙ ጊዜ የሚመረጡት ወንዶቹ ናቸው። እንግዲህ በብዙ ግቢ የሚገኙት ጥንዶች ከአንዲት እናት በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው ማለት ነው። ለንግግራችን እንዲመቸን አንዱን መከታ፣ ሌላውን ጎበዜ ብለን እንጥራቸው።

በአማርኛችን ‘አብሮ አደግ’ የሚለው ቃል ትልቅ ቃል ነው። ሰው ስለ ወዳጁ ‘አብሮ አደጌ ነው’ ካለ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቀው የለም። ይህንኑ እምነት ወደ ውሾቹ እናሻግረዋለን። መከታና ጎበዜ በአንድ ማኅፀን ተኝተዋል፣ አንድ ጡት ጠብተዋል፣ በአንድ ጆንያ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ፤ ስለዚህ ሲያድጉ አይጣሉም ብለን እናምናለን። እውነትም እስከ አራትና አምስት ወር ድረስ እየተንከባለሉ ሲጫወቱ ላያቸው ሰው ሌላ አሳብ አይመጣበትም። ነገር ግን ከስድስት ወር በኋላ ለአካለ መጠን መድረስ ይጀምራሉ፤ የጠባያቸው ብስለት ደግሞ ከአካላቸው ዘግይቶ ከአንደኛው ዓመት እስከ ሦስተኛው ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈጸማል። ባለቤቱ ‘ምን ነካቸው? ትናንት አብረው ይተኙ አልነበረም?’ ብሎ የሚደነቀው በዚህ ጊዜ ነው። የነካቸው ነገር የለም፤ ማደጋቸው ነው።

የዚህ ንግግር አሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ሁለት ቡችሎች አብረው ማደጋቸው ብቻውን ሰላም አይሰጣቸውም። ሰላሙን የሚሠራላቸው ድርሻቸውን ለይቶ፣ ተራቸውን ጠብቆ የሚሰጣቸው አሳዳጊ ነው። የቀረው ንግግራችን ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማስረዳት ነው።

ከመነሻው እንጀምር። ቡችላ ዐይኑን የሚገልጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። በገጠራችን ገና ዐይኑን እንደ ገለጠ፣ ሳይቀደም ለማንሣት ተብሎ ከእናቱ ጕያ የሚወሰድ ቡችላ ብዙ ነው። ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ነው። ቡችላ የመንከስን ልክ የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ነው። አጥብቆ ሲነክስ ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ይተዋል፤ እናቲቱም ትቈጣዋለች፤ በዚህም ጥርሱን መመጠን ይለምዳል። ይህን ሳይማር የወጣ ቡችላ ሲያድግ ልኩን አያውቅም። ስለዚህ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር መቆየት ይገባዋል።

ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሊቃውንት በሜይን ግዛት ባር ሃርበር በተባለ ቦታ ከዐሥር ዓመት በላይ ቡችሎችን ሲመረምሩ ቆይተው በ1965 እ.ኤ.አ. ታላቅ መጽሐፍ አሳትመዋል። ከመረመሩት ነገር አንዱ ቡችላ ከሌላ ፍጥረት ጋር ወዳጅነት የሚመሠርትበት ጊዜ ነው፤ ይህም በግምት ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ነው። በዚህ ጊዜ ከሰው እጅ የበላ፣ የሰው ድምፅ የሰማ፣ በሰው የተዳሰሰ ቡችላ ሰውን ወገኑ ያደርጋል። በዚህ ጊዜ ሰው ያላወቀ ግን ከዚያ በኋላ ለማላመድ እጅግ ያስቸግራል።

ይህ ለሁለት ቡችሎች ምን ማለት ነው? አንድ ቡችላ ብቻውን ሲመጣ ወዳጅነቱን የሚመሠርተው ከቤቱ ሰዎች ጋር ነው፤ ሌላ ማን አለውና? ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን አንዱ ለሌላው ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲጫወቱ ይውላሉ፣ ማታ ተቃቅፈው ይተኛሉ፤ ባለቤቱ ፍርፋሪ የሚጥልላቸው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። በኋላ ጠብ ሲነሣ ‘ተው!’ ብሎ የሚጮኸውን ሰው ድምፅ የማይሰሙት ስለዚህ ነው። የማያውቁትን ዳኛ ማን ይሰማል? በውጭ አገር ውሻ የሚያሠለጥኑ ሰዎች ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ቡችሎች በአንድ ቤት እንዳያድጉ አጥብቀው ይመክራሉ። ምክሩ ከልምድ የመጣ እንጂ በሰፊ ጥናት የተረጋገጠ ሕግ አይደለም፤ በሰላም ኖረው የሚያረጁ ወንድማማች ውሾችም አሉ። ነገር ግን በሰላም የኖሩት እያንዳንዳቸው ባለቤታቸውን ያወቁት ናቸው።

ቀጥለን የጠቡን ምክንያት እንመልከት። ውሻ ያለ ምክንያት አይጣላም። ምክንያቶቹን በአምስት ከፍለን እንናገራለን።

አንደኛው መብል ነው። በደጋችን የውሻ መብል የቤቱን ጾምና ፍስክ ይከተላል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ በክርስቲያን ቤት ሥጋ አይታረድም፤ ለውሻውም የሚደርሰው የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ ነው። ጾማችን እስከ ዱር አውሬ ድረስ እንደሚደርስ የሚያሳይ ምርመራ አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ የጅብን ዐይነ ምድር እየሰበሰቡ በውስጡ የተገኘውን ጠጕር መርምረው በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በዐቢይ ጾም የዕርድ ትራፊ ሲጠፋ ጅቦቹ አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ፣ ጾሙ ሲፈታም ወደ ትራፊው እንደሚመለሱ አሳይተዋል። ከአጥር ውጭ ያለው ጅብ እንዲህ ከሆነ በአጥር ውስጥ ያለው ውሻማ እንዴት አይሆን? መከታና ጎበዜ በጾሙ ወራት የሚጣሉበት ነገር ስለሌላቸው ይስማማሉ። የፋሲካ ዕለት በጉ ታርዶ አንድ የታፋ አጥንት በመካከላቸው ሲወረወር ግን የሁለት ወር ርኃብ በአንድ አጥንት ላይ ይወርዳል። የዓመቱ የመጀመሪያ ትልቅ ጠብ በበዓል ቀን፣ ልጆችና እንግዶች ግቢውን በሞሉበት ሰዓት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ነው። በክረምት ዝናብ የማያገኘው ጣራ ሥር ያለው ጥግ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ከምድጃው ጀርባ የሞቀው ግድግዳ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱ ይናከሱበታል።

ሦስተኛው ሰው ነው። እረኛው ልጅ ከመንጋው ሲመለስ ሁለቱም ሊቀበሉት ይሮጣሉ፤ አንዱን ሲዳብስ ሌላው ይገፋዋል። የጠቡ መነሻ ልጁ ስለ ሆነ የሚነከሰውም ብዙ ጊዜ ልጁ ነው።

አራተኛው በር ነው። በአጥር ውጭ መንገደኛ ወይም የሌላ ሰው ውሻ ሲያልፍ ሁለቱ ወደ በሩ ይሮጣሉ፤ ይጮኻሉ፤ መውጣት ሲያቅታቸው ቍጣቸውን እርስ በርስ ይወጡታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ባለቤቱ ግን ያለ ምክንያት የተጣሉ ይመስለዋል፤ መንገደኛው አልፎ ሄዷልና።

አምስተኛው ሴት ውሻ ነች። በመንደሩ ወንድ የምትፈልግ ሴት ውሻ ካለች ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድማማቾች ወንድማማችነታቸውን ይረሳሉ። ጥንዶቹ ወንድና ሴት የሆኑ እንደ ሆነ ጠቡ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ወንድምና እኅት ሆነው ይዋለዳሉ። ሁለት ሴቶች የሆኑ እንደ ሆነ ደግሞ ጠባቸው አንዴ ከተነሣ በቀላሉ የሚበርድ አይደለም። በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ አንድ ጥናት በየቤታቸው እርስ በርስ የሚናከሱ 38 የውሻ ጥንዶች ተመርምረው፣ አብዛኞቹ በጾታ አንድ ዓይነት የሆኑ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከነዚህም የሴቶቹ ጠብ ጎልቶ ታይቷል። ለወንዶች በእንስሳት ሐኪም ማኮላሸት ይህን አምስተኛውን ምክንያት ይቀንሳል። ስለ መብልና ስለ ቦታ የሚነሣውን ጠብ ግን ብቻውን አያጠፋውም።

እንግዲህ አሳዳጊው ምን ያድርግ? በቅድሚያ ጨዋታን ከጠብ መለየት ይወቅ። ጨዋታ ድምፅና ዝላይ ይበዛዋል። ቡችላው የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ወገቡን ከፍ አድርጎ እንደ መስገድ ይላል፤ ይህ በውሻ ቋንቋ ‘ጨዋታ ነው’ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አሳዳጅ የነበረው ሌላ ጊዜ ተሳዳጅ ይሆናል፤ ከላይ የነበረው ከታች ይሆናል። ጠብ ሲመጣ ግን ነገሩ ጸጥ ይላል። ሰውነቱ ይደርቃል፣ ዐይኑ ይተከላል፣ የጀርባው ጠጕር ይቆማል፣ ጭራው ቀጥ ይላል። ሁልጊዜ አንዱ ብቻ ከላይ፣ ሌላው ብቻ ከታች ከሆነም ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። በዚህ ጊዜ ሳይናከሱ በስማቸው ጠርቶ መለየት ይገባል።

ማጉረምረምን በዱላ መቅጣት ደግሞ ትልቅ ጕዳት ያመጣል። የሚነክስ ውሻ ጥርሱን አያሳይም ይባላል። ውሻ ሲያጉረመርም ‘ራቅ በለኝ’ እያለ ነው፤ ማስጠንቀቂያ እየሰጠ ነው። ባጉረመረመ ቍጥር የተመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ንዴቱን ግን አይተወውም። ጥርሱን ሳያሳይ የሚነክሰውን ውሻ የምንሠራው በገዛ ዱላችን ነው።

ሁለተኛው ሥራ መለየት ነው። መለየት ማለት ማራራቅ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የራሱን መስጠት ነው። መከታ በግቢው በአንድ ወገን፣ ጎበዜ በሌላው ወገን ይብሉ፤ በልተው ሲጨርሱም ሳህኑ ይነሣ። አጥንት ከተገኘ ለሁለቱም ይገኝ፣ ተራርቀውም ይብሉት፤ ከተቻለም በበዓል ቀን አንዱ ይታሰር። ሁለት መኝታ ይኑራቸው። የሚታሰሩም ከሆነ ሰንሰለቶቹ እንዳይደራረሱ ሆነው ይታሰሩ፤ ተደራርሰው የተታሰሩ ውሾች ገመዳቸው ሲተበተብ መሸሽ ስለማይችሉ ይተራረዳሉ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ ቍጡ እንደሚሆንም ማወቅ ያሻል።

ከዚህም በላይ በየቀኑ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰው ጋር የሚሆንበት ጊዜ ያስፈልገዋል። ዛሬ እረኛው መከታን ይዞ ይሂድ፣ ጎበዜ ከቤት ይቅር፤ ነገ ይለዋወጡ። አንዱ ውሃ ከሚቀዳው ሰው ጋር ይውረድ። ለየብቻቸው ስማቸውን ይማሩ፤ ‘ና’፣ ‘ቁጭ’፣ ‘ተው’ የሚሉትን ቃሎች ይማሩ። ይህን የተማሩ እንደ ሆነ በር ላይ ግርግር ሲነሣ የሚጠራቸው ድምፅ ያውቃሉ። ለብቻው መሆን ያልለመደ ውሻ ወንድሙ የታመመ ወይም የሞተ ዕለት አብሮ ይጠፋል፤ ሁለት ባላ መትከሉም ከንቱ ይሆናል።

ሦስተኛው ሥራ ተራ መጠበቅ ነው። በገበታችን ታላቅ ሰው አስቀድሞ እጁን ይታጠባል፤ ታናሹ ይህን አይቶ አይቀየምም፤ ተራው እንደሚደርስ ያውቃልና። ውሻም እንዲሁ ነው። መከታ አስቀድሞ የሚሰጠው ከሆነ ዘወትር እርሱ ይቅደም፤ ጎበዜም ዘወትር ወዲያው ይከተል። ዛሬ ይህን፣ ነገ ያን ማስቀደም ፍቅር ይመስላል እንጂ ሁለቱን በየቀኑ አዲስ ክርክር ውስጥ ይከታቸዋል። ከላይ ባወሳነው የ2011 ጥናት ለባለቤቶቹ ሁለት ዓይነት ምክር ተሰጥቷቸው ነበር። አንዱ ውሾቹ ማናቸውንም ነገር ትእዛዝ ፈጽመው እንዲያገኙ ማድረግ ነው፤ ሁለተኛው ከሁለቱ አንዱን መርጦ በሁሉ ነገር በቋሚነት ማስቀደም ነው። ይህን የፈጸሙት አብዛኞቹ መሻሻል አይተዋል። የሚጎዳው ነገር፣ ጠብ በተነሣ ቍጥር ለተሸነፈው አዝኖ ያሸነፈውን መደብደብ ነው። ተደብዳቢው የተመታው በወንድሙ ምክንያት መሆኑን ይይዝና ጥላቻው ይጨምራል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ጠብ የተነሣ እንደ ሆነስ? ከሁሉ አስቀድሞ እጅን በሁለት አፍ መካከል አለማስገባት ነው። ልጆች ይራቁ። በተናከሱት ላይ ባልዲ ውሃ መድፋት፣ ቆርቆሮ አጥብቆ መምታት፣ አሮጌ ቁርበት ወይም ጆንያ መጣል፣ በመካከላቸው ሳንቃ ማስገባት ይቻላል። ሁለት ጐልማሶች ካሉ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የየውሻቸውን የኋላ እግሮች ይዘው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ግን ይህን አይሞክር። ከተለያዩ በኋላ በጠጕር ሥር የተሰወረ የጥርስ ቀዳዳ እንዳለ መፈተሽ፣ በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ እስኪረጋጉም አንድ ሁለት ቀን ለይቶ ማቆየት ይገባል። ‘ታረቁ’ ብሎ ወዲያው አፍንጫ ለአፍንጫ ማገናኘት ሁለተኛ ጠብ መጥራት ነው። መልሰው ሲገናኙ ከግቢው ውጭ፣ የማንም ባልሆነ ሜዳ፣ ሁለት ሰዎች እየያዟቸው ተራርቀው ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ርቀቱም ቀስ በቀስ ይጥበብ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። በሰላም የኖረ ውሻ በድንገት ወንድሙን ነክሶ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ጠብ ነው ብለን ከመፍረዳችን በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ አለብን። የመጀመሪያው ሕመም ነው፤ ጆሮው የቈሰለ፣ እግሩ የተሰበረ፣ ሆዱን የሚያመው ውሻ ሲነኩት ይነክሳል። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ጠባዩ የተለወጠ፣ ድምፁ የጎረነነ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ የተሳነው፣ ዓላማ ሳይኖረው የሚንከራተት፣ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ አይደለም፤ ታሟል። አንዳንዱ ደግሞ ያለ ቍጣ ደንዝዞና ሽባ ሆኖ ይሞታል። ይህን በሽታ ተራ ጠብ ነው ብሎ ለመገላገል የገባ ሰው ሕይወቱን በአደጋ ላይ ይጥላል።

በዓለም በያመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከመታየቱ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ለሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠው በ1885 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስሙም በአዲስ አበባ ‘ፓስተር’ በሚባለው ሰፈር ሲጠራ ይኖራል። ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠብ፤ ከዚያም ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። የነከሰው ውሻ ከታወቀ ተይዞ 10 ቀን ይጠበቅ፤ ሰውየው ግን የውሻውን መጨረሻ እስኪያይ ቤቱ አይቀመጥ። ጠበል የሚወድ ይጠመቅ፤ ጠበል ከክትባት ጋር አይጣላም። ‘በቤት መድኃኒት ይድናል’ እየተባለ የሚያልፈው ቀን ግን አይመለስም።

ቡችሎቹም ሦስት ወር ሲሞላቸው ሁለቱም ይከተቡ፤ የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው ቀንም ይደገምላቸው። ‘አንዱን ካስከተብን ይበቃል፣ አብረው ናቸው’ የሚል ሰው ሰምተናል፤ አብረው ስለ ሆኑ ነው ሁለቱም የሚያስፈልጋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ አገር ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ቢከተቡ በሽታው ከውሻ ወደ ውሻ መተላለፉ እንደሚቆም ይመክራል። ነገሩ የቤት ብቻም አይደለም። በባሌ ተራሮች በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. ከመንደር ውሾች የተላለፈ ይኸው በሽታ፣ ከአገራችን በቀር በሌላ ዓለም የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ በብዛት ፈጅቶታል።

ከመካከላችሁ ‘ለሰው ሳይተርፍ ለውሻ ሁለት ሳህን፣ ሁለት መኝታ!’ የሚል አይጠፋ ይሆናል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ የገበሬ ቤት ትርፍ የለውም። ነገር ግን የጠየቅነው ትርፍ አይደለም። ሁለት የተሰበረ ገንቦ ገል ሁለት ሳህን ነው፤ ሁለት አሮጌ ጆንያ ሁለት መኝታ ነው። ያንኑ ፍርፋሪ በሁለት ቦታ መጣል ከአንድ ቦታ ከመጣል አይበልጥም። የሚጠይቀው ነገር ቢኖር አሳብ ነው። ሌላም ሒሳብ አለ። የተናከሱ ውሾች አንዱ አንክሶ፣ ሌላው ታስሮ በሚያድርበት ሌሊት በረቱን ማን ይጠብቀዋል? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የተባለው በከንቱ አይደለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይስማሙ ጥንዶች ይገኛሉ። ጠቡ እየከረረ፣ ቍስሉ እየጠለቀ ከሄደ አንዱን ጠባዩን ሳይደብቁ፣ ብቻውን ለሚያሳድገው ዘመድ መስጠት ይሻላል። ገበያ ወስዶ መጣል ግን ውሻውን መበደል፣ የከተማውንም ሰው መበደል ነው። የተጣለው ውሻ ሳይከተብ ይንከራተታል፣ ይዋለዳል፤ በአገራችን ከተሞችም ባለቤት የሌለው ውሻ ሲበዛ መርዝ ማብላት የተለመደ ሆኖ ቆይቷል። በቤት ውስጥ በሳህን ሊገታ ይችል የነበረ ጠብ በጎዳና ላይ በመርዝ ያልቃል ማለት ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትምህርት ሲዘጋ ወደየቤታችን እንሄዳለን። በዚያ ጊዜ ልናደርገው የምንችለውን ልንናገርና ልናበቃ ነው። ቤተ ሰባችን ቡችላ ሊያነሣ ካሰበ አስቀድሞ አንድ ብቻ እንዲያነሣ፣ ሁለተኛውንም የመጀመሪያው አድጎ ጠባይ ከያዘ በኋላ እንዲያመጣ እንምከር። ሁለቱ አስቀድመው ከመጡም ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው እንዳይለዩ፣ ከመጡም በኋላ ሁለት መብያና ሁለት መኝታ እንዲኖራቸው እናድርግ። ሦስት ወር ሲሞላቸው ሁለቱንም ይዘን ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ እንሂድ። ለታናናሾቻችንም በተናከሱ ውሾች መካከል እጅ እንደማይገባ፣ የተነከሰም ሰው ተቈጡኝ ብሎ እንደማይደብቅ እናስተምራቸው። መምህራኖቻችንም ከእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግረው ይህን ትምህርት በገበያ ቀን ለሕዝቡ የሚያደርሱበትን መንገድ ቢያስቡልን፣ እኛ ለመላላክም ለመጻፍም ዝግጁ ነን።